ራሱ ይነሳል

«ለዚያ ሰው ንገሪው» አለ ትልቁ ልጅ፣ የመሣሪያ ቦርሳውን ትከሻው ላይ እያስተካከለ። «የዳቦ ቤቱን ማቡኪያ ማሽን አነሳስ ትናንት ቀይሬዋለሁ። ከእንግዲህ መብራት ጠፋ ብሎ እጁን ገንዳው ውስጥ እንዳይከት። መብራቱ ሲመጣ ማሽኑ ራሱ ይነሳል፣ ማንም ሳይነካው። በደንብ ንገሪው እማ።» እናትየዋ «እሺ፣ እነግረዋለሁ» አለች፣ የምሳ ዕቃውን እየሰጠችው። ያ ሰው የተባለው የገዛ ወንድሙ ነው። የአንድ እናትና የአንድ አባት ልጅ፤ ያውም በዚያች ሰዓት ከኮምፔርሳቶው ግድግዳ ማዶ ተኝቶ ያንኮራፋል። ትልቁ ግድግዳውን አንድ ጊዜ በጣቱ ቢመታው መልእክቱ ያለ አማላጅ ይደርስ ነበር። አልመታም። ጫማውን አጥልቆ፣ ወንድሙን ከእንቅልፉ እንዳይቀሰቅስ በሩን ቀስ ብሎ ዘግቶ ወጣ። ኩርፊያ እንዲህ ነው፤ ለእንቅልፉ እየተጨነቁለት ቃል ግን ይነፍጉታል።

ሁለቱ ዓይንና ናጫ ከሆኑ ዓመት ሊሞላቸው ነው። አባታቸው የታወቀ ሞተር ጠምጣሚ ነበር፤ ከገበያው ጀርባ ያለችውን ጠባብ ሱቅ ለሁለቱ ትቶላቸው ሞተ። አንድ ቀን በትንሹ እጅ የደንበኛ ሞተር ነደደ። ትልቁ፣ ደንበኛው ቆሞ እያየ፣ «አንተ ለሊጥ እንጂ ለሞተር አልተፈጠርክም» አለው። ትንሹ በነጋታው ሄዶ ዳቦ ቤት፣ ሊጥ አቡኪ ሆኖ ተቀጠረ። እልህ ምን የማያሠራው አለ! ከዚያ ወዲህ አንዱ የሌላውን ስም አይጠራም። ለትልቁ ትንሹ «ያ ሰው» ነው፤ ለትንሹ ትልቁ «ያንቺ ልጅ» ነው። እሁድ እሁድ ሦስቱም አንድ ሳህን ከበው ሲበሉ ትልቁ «ለዚያ ሰው ጨው እንዲያቀብለኝ ንገሪው» ይላል። ትንሹ ጨዉን አንስቶ ለእናቱ ይሰጣል፣ እናትየዋ ተቀብላ ለትልቁ ታቀብላለች። እጃቸውን ቢዘረጉ'ኮ ይነካካሉ። ጎረቤት ቢያይ በሳቅ ይሞታል፤ እሷ ግን አንድም ቀን ስቃ አታውቅም።

መጀመሪያ መጀመሪያ የተባለችውን እንደተባለች ታደርስ ነበር። አንድ ቀን ትልቁ «የኤሌክትሪክ ነገር ካልገባው ሶኬት አይነካካ በዪው» አላት፤ ቃል ሳታጎድል ነገረችው። ትንሹ የያዘውን ሳህን ከነምግቡ ግድግዳው ላይ ፈጠፈጠው። የዘይቱ እድፍ ዛሬም ከበሩ በስተቀኝ አለ፤ በሳሙናም በአመድም አልለቅ ብሏታል። ከዚያን ቀን በኋላ መልእክት መልቀም ጀመረች፣ ምስር እንደሚለቀም ማለት ነው። ጠጠሩን ትጥላለች፣ ለስላሳውን ታደርሳለች። ለስላሳ የጠፋ ቀን ደግሞ ከራሷ ትጨምራለች። ትንሹን «ወንድምህ ሰላም ብሎሃል» ትለዋለች። ትልቁን «ወንድምህ ሥራ በዛበት ወይ ብሎ ጠየቀኝ» ትለዋለች። ሰላም ያለም፣ የጠየቀም የለም። ውሸት ነው ካላችሁ ውሸት ነው፤ እሷ ግን በሆዷ ጥገና ነው የምትለው። ደግሞም ሠርቶላታል። ትልቁ ሲተኛ ትንሹ ሬዲዮ መቀነስ ጀምሯል። ትልቁም ባለፈው ሰሞን ሁለት ጥንድ ካልሲ ገዝቶ አንዱን «ለማንም ይሁን» ብሎ ጠረጴዛው ላይ ጥሎ ሄደ። ትንሹ አንስቶ አደረገው። ያን ቀን እናትየዋ ጓዳ ገብታ አለቀሰች።

ትናንት አመሻሽ ላይ ትልቁ ከሥራ ሲገባ ደስ ብሎት ነበር። አዲስ ነገር የሠራ ቀን ዝም ማለት አይሆንለትም፤ የሚሰማው ሰው ቢያጣ ለበሩም ይናገራል። እናቱን አስቀምጦ በብርጭቆና በስኳር ዕቃ ያስረዳት ጀመር። ብርጭቆው ሞተሩ ነው፤ ጉልበቱ ያለው እሱ ጋ ነው፣ ማስተዋል ግን የለውም። ከዚህ በፊት የግድግዳው መብራት ቀጥታ እሱ ላይ ነበር የሚለቀቅበት። አረንጓዴውን ቁልፍ ሲጫኑት በሙሉ ኃይሉ ጓ ብሎ ይነሳል፣ ቤቱ ይንቀጠቀጣል፣ ማርሹ ይበላል። መብራት ሲጠፋ ማስነሻው ይለቅና፣ መብራቱ ቢመለስም ሰው መጥቶ ቁልፉን ካልተጫነው ሞተሩ እንደሞተ ይቀራል። አሁን ግን በመብራቱና በሞተሩ መካከል ይህ ሳጥን ገባ፣ አለና የስኳሩን ዕቃ መሀል ላይ አስቀመጠ። ድራይቭ ይባላል። የመጣለትን ኤሌክትሪክ ተቀብሎ አቃንቶ ያጠራቅመዋል፤ ከዚያ ቆራርጦ ለሞተሩ በልኩ ይሰጠዋል፣ ቀስ በል ሲሉት ቀስ፣ ፍጠን ሲሉት ፈጠን። ዘንጉ ላይ ያለችው ሴንሰር ፍጥነቱን ትነግረዋለች፤ ሊጡ ሲከብድ ጉልበት ይጨምራል፣ ሲቀል ይቀንሳል። «ሲነሳ ድምፅ የለውም እማ፤ እንደ ሐር ነው» አለ፣ ብርጭቆውን በጣቱ እያዞረ። የዳቦ ቤቱ ባለቤት መብራት በጠፋ ቁጥር ከሱቁ ወደ ጓሮ እየተመላለሰ ማስነሳት ሰልችቶት ነበርና በራሱ እንዲነሳ አድርግልኝ አለው። ሠራተኞቹ ካላወቁ አደጋ ነው ቢለው ባለቤቱ «ለነሱ እኔ እነግራቸዋለሁ» አለ። እናትየዋ «ተባረክ ልጄ» አለች። ከነገሩ ሁሉ ልብ ያለችው የልጇን ደስ ማለት ብቻ ነበር።

ትንሹ ሲነሳ ፀሐይ ከፍ ብላለች፤ ሥራ የሚገባው ረፋዱ ላይ ነው። ሻይና ትኩስ ድንች አቀረበችለት። መልእክቱ አፏ ላይ ነበር። ልትናገር ስትል ዓይኗ ከግድግዳው እድፍ ጋር ተገጣጠመ። «ያንቺ ልጅ ደግሞ ሊጥ ማቡካት ሊያስተምረኝ ጀመረ?» ሲላት ገና ከአሁኑ ተሰማት። ካልሲውን አውልቆ ሲወረውረው ታያት። እጅህን አትክተት ማለት ምን ማለት ነው፣ ሕፃን ነው እንዴ፣ ሥራውን ያውቃል አለች ለራሷ። ጠጠር ነው ብላ ጣለችው።

«ወንድምህ እንዴት አደረ ብሎሃል» አለችው።

«እሱ?» ድንቹን መላጥ አቆመ። «ትናንት እኛ ጋ ሲሠራ ዋለ'ኮ። አጠገቤ ቆሞ ቀና ብሎ አላየኝም።»

«አፍሮ ነዋ!»

ፊቱ ላይ የሆነ ነገር ላላ። ጫማውን ሲያስር ያፏጭ ነበር። እናትየዋ ደስታዋን መያዝ አቅቷት እስከ በሩ ተከተለችውና «ፍቅፋቂዬን እንዳትረሳ!» አለችው። በዚያ ዳቦ ቤት መብራት ሲጠፋ የማቡኪያው ክንድና የገንዳው ዳር ላይ የተጣበቀው ሊጥ ሳይደርቅ እጅን አስገብቶ በብረት መፈቅፈቂያ ይፈቀፈቃል። የፈቀፈቀው ሰው ከዚያው ጠፍጥፎ ለራሱ ትንሽ ዳቦ ይጋግራል፤ ባለቤቱም አይከለክልም። ገንዳው ክዳን አለው፣ ሲከፈት ማሽኑን የሚያቆም ቁልፍ ያለው፤ ሥራ ያጓትታል ተብሎ ቁልፉ በሽቦ ከታሰረ ቆይቷል። ትንሹ ለፍቅፋቂው ማንንም አያስቀድምም፤ ለእናቱ በጋዜጣ ጠቅልሎ ያመጣላታል። እሷም ከሱቁ ዳቦ ሁሉ ያንን ጠማማውን ነው የምትወደው። «እሺ፣ አመጣልሻለሁ» ብሎ ሄደ።

ከዚያ ገበያ ወጣች። ቲማቲም ጨምሯል፤ ሻጯ «ነገ ይሄም ይናፍቅሻል» ብላ አስፈራራቻትና የምትፈልገውን ግማሽ ብቻ ገዛች። ስትመለስ ለማሳጠር የሰጠችውን የትልቁን ሱሪ ልትቀበል ልብስ ሰፊዋ ጋ ጎራ አለች። የልብስ ሰፊዋ ክፍል ጠባብ ነው፤ ወለሉ በብጥስጣሽ ጨርቅ ተሸፍኗል፣ እጅጌ ያልገባላቸው ቀሚሶች ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል፣ ጥጉ ላይ መከለያው የወለቀ ቬንቲሌተር ይዞራል። ሱሪው ገና ነበር። «ተቀመጪ እትዬ፣ አሁን አደርስልሻለሁ» ብላ ሁለት እርምጃ ስፌት እንደሄደች መብራት ጠፋ። ቬንቲሌተሩም ፍጥነቱን እየቀነሰ ቆመ። «ይኸው! ሰው ሥራ ሲጀምር ጠብቀው!» አለችና ከራሷ ላይ የፈታችውን ሻሽ በቅርብ ያገኘችው የቬንቲሌተሩ ራስ ላይ ጣል አድርጋ ወሬ ጀመረች። ስለ ቤት ኪራይ አወሩ፣ ስለ ልብስ ሰፊዋ አማት ጉልበት አወሩ። ጉልበቱ ላይ ገና እንደደረሱ መብራቱ መጣ። ቬንቲሌተሩ ሻሹን ጠቅልሎ ጎተተው፤ ጨርቁ ጥርር ብሎ ተቀደደ። ሁለቱም ጮኹ።

«ማን ነካው?» አለች እናትየዋ።

«ማን ይነካዋል እትዬ! ሳላጠፋው ረስቼው ነው'ኮ። መብራቱ ሲመጣ ራሱ ይነሳል።»

ራሱ ይነሳል። ትልቁ ልጇ ጠዋት በሩ ላይ ቆሞ ያላት ይህንኑ ነው። እናትየዋ ሻሹን አየችው፤ እንደ ገመድ ተገምዶ ቢላዎቹ መሀል ገብቷል። በሻሹ ፋንታ የእጅ አንጓ ታያት፤ የምታውቀው አንጓ፣ በልጅነቱ ከዛፍ ወድቆ የተሰበረ፣ እሷ በጨርቅ አስራ ያዳነችው። ክው አለች። ትንሹ ሥራ ላይ ስልክ አይዝም፤ ስልኳን ከጉያዋ አውጥታ ለትልቁ ደወለች። ትልቁ አነሳው፤ ከበስተኋላው የመሰርሰሪያ ጩኸት አለ።

«ያ ማሽን» አለችው፣ «ሲነሳ... እጅ ውስጡ ካለ ምን ያደርጋል?»

«ምን ያደርጋል ትያለሽ እንዴ? ይዞ ይዞራል እንጂ! አጥንት ነው ብሎ አይምርም። ምነው? ነግረሽዋል አይደል?»

«ነግሬዋለሁ።»

«ጎሽ። ጣራ ላይ ነኝ፣ ልዝጋው» ብሎ ዘጋ።

ያለችው ምላሷ ነው፤ እሷ አይደለችም። ዓመት ሙሉ ለስላሳ ለስላሳውን ማቀበል የለመደ ምላስ እሷ ሳታዘው ቀድሞ መልስ ሰጠ። ስልኩን ትኩር ብላ አየችው። መልሼ እደውላለሁ፣ አልነገርኩትም እለዋለሁ፣ የፈለገውን ይበለኝ ብላ ቆረጠች። ጣቷን ስታሳርፍ መብራቱ እንደገና ድርግም አለ፤ ኔትወርኩም አብሮት ሄደ። የሷ ሰፈርና የዳቦ ቤቱ መንገድ በአንድ መስመር ነው የሚጠፉት፤ ቤቷ የጨለመ ቀን ዳቦውም ይዘገያል። ስለዚህ አሁን እዚያም ጠፍቷል፤ ልጇም መፈቅፈቂያውን አንስቷል። ያለፈውስ? ቅድም ጠፍቶ ሲመጣስ ምን ሆኖ ይሆን? የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ እሷ ደግሞ ዓመት ሙሉ ስትፈራ የኖረችው ሌላ ነገር ነበር፤ ጭቅጭቅ ነበር፣ የሳህን መሰበር ነበር። የዘንቢሏን ቲማቲም እዚያው ትታ ወጣች። ልብስ ሰፊዋ «እትዬ፣ ነጠላሽ!» እያለች ተጣራች፤ አልሰማቻትም።

ታክሲው እስኪሞላ መጠበቅ ነበረበት። ረዳቱ አንድ ሰው ብቻ፣ አንድ ሰው ብቻ እያለ ይጮሃል፤ ያ አንድ ሰው ግን የት እንዳለ እንጃ። «የጎደለውን እኔ እከፍላለሁ፣ ንዳው» አለች። ሹፌሩ በመስታወቱ አይቷት ሞተሩን አስነሳ። መስቀለኛው መንገድ ላይ የትራፊክ መብራቱ ሞቷል፤ መኪናው ሁሉ አፍንጫ ለአፍንጫ ተፋጧል። ተሳፋሪው መብራት ኃይልን ይራገማል። አንዱ የፍሪጅ ሥጋው ሊበላሽበት ነው፣ አንዷ ፀጉሯን ግማሹን ተሠርታ ግማሹን ትታ መውጣቷ ነው፣ ሁሉም አምላኩን መብራት አምጣልኝ ይለዋል። እሷ ብቻ አታምጣ ትላለች። እባክህ አታምጣ፣ እስክደርስ ድረስ ብቻ፣ ከዚያ በኋላ እንደፈቀድክ። በመስኮቱ የሱቆቹን አምፖል እያየች ትሄዳለች፤ የፀጉር ቤቱ አልበራም፣ የመድኃኒት ቤቱ አልበራም። አንድ ፎቅ ላይ ብርሃን ስታይ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። «ጄኔሬተር ነው» አለ አጠገቧ ያለው ሰው፣ ሳትጠይቀው። ስልኩን ደጋግማ ሞከረች። ኔትወርኩ አንድ መስመር ያሳያታል፣ ስትደውል ይጠፋል። ልጆቿ ሲወለዱ እንኳ እንዲህ አልፈራችም፤ ያኔ ቢያንስ ጥፋቱ የሷ አልነበረም።

ዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት ሰልፉ እስከ መንገዱ ወርዷል። በሰዉ መሀል ሰንጥቃ ስትገባ «ኧረ እማማ፣ ወረፋ!» አላት አንዱ። «እኛስ ዳቦ ልንበላ አይደል የመጣነው?» አለች ሌላዋ። «ልጄ ውስጥ ነው» አለች። «የሁላችንም ልጅ ዳቦ ይፈልጋል!» አለ ከኋላ፣ ሰዉም ሳቀ። የቀሚሷን ጫፍ የያዘ እጅ ተሰማት፤ መነጨቀችና ገባች። ባለቤቱ መደርደሪያው ኋላ ቆሞ በባዶ ትሪ ራሱን ያራግባል። «ማሽኑ ራሱ እንደሚነሳ ለሠራተኞቹ ነግረሃቸዋል?» አለችው። ፊቱን አጨማደደ። «አዎ... ማለቴ ዛሬ ከሰዓት ሰብስቤ ልነግራቸው ነው። ቆይ አንቺ ማነሽ?» አልቆመችም። በመደርደሪያው ሥር ጎንበስ ብላ አለፈች፣ የጓሮውን በር በትከሻዋ ገፋችው።

ውስጡ ጨለማ ባይሆንም ድንግዝግዝ ነው፤ ከላይ ካለችው አቧራ የለበሰች መስኮት ብቻ ብርሃን ይገባል። የዱቄት ጆንያ እስከ ጣራው ተቆልሏል። ሁለት ሠራተኞች ጆንያ ላይ ጋደም ብለው ይጫወታሉ። ግድግዳው ላይ አዲሱ ሳጥን አለ፣ ነጭ፣ ንጹሕ፣ ልጇ በስኳር ዕቃ ያሳያት። ትንሹ ጀርባውን ሰጥቷት ገንዳው ላይ ጎንበስ ብሏል፤ ቀኝ እጁ እስከ ክርኑ ውስጥ ነው፤ ያፏጫል። ጠዋት የጀመረውን ፉጨት ነው የሚያፏጨው። በሩን ተደግፋ ልትጮህ አፏን ከፈተች። ከጉሮሮዋ የወጣው የሰው ድምፅ አይመስልም ነበር።

«እማ?» ዞሮ አያት፤ እጁ ግን እዚያው ነው። «ምን ሆንሽ? ማን ሞተ?»

«እጅህን!» አለች። «እጅህን፣ እጅህን!»

ምን እንደምትል አልገባውም። የገባው እናቱ ልትወድቅ መሆኑ ብቻ ነው። መፈቅፈቂያውን ገንዳው ውስጥ ለቆ፣ ሊጥ በተለደፈበት እጁ ሊደግፋት ተንደረደረ። ክንዷን እንደያዘ አምፖሉ በራ። ውጪ ያለው ሰልፍ በአንድ ድምፅ እልል አለ። ገንዳው ውስጥ ያለው ክንድ ደግሞ ዞረ፤ ጓ አላለም፣ አልተንቀጠቀጠም፣ ትልቁ እንዳለው እንደ ሐር ነው የተነሳው። መፈቅፈቂያውን ከታች አፍሶ ገንዳው ዳር ላይ ገጠመው፤ ከበድ ሲለው ጉልበት ጨመረ። ብረቱ ጮኸ፣ ታጠፈ፣ እንደገና ታጠፈ። ጆንያ ላይ ከተጋደሙት አንዱ ዘሎ ቀዩን ቁልፍ መታው። ከዚያ በኋላ የሚሰማው የሰልፈኛው ጫጫታ ብቻ ነበር።

ትንሹ ልጅ እጁን ከፊት ከኋላ እያገላበጠ አየው። ጣቶቹን አጠፈ፣ ዘረጋ። «ቅድም መብራት ሲጠፋ ማሽኑ ሥራ ላይ አልነበረም፤ ራሱ እንደሚነሳ አላየንም» አለ። «ማን ነገረሽ?»

«ወንድምህ።»

«መቼ?»

ለስላሳው መልስ ምላሷ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። «አሁን በስልክ» ብትለው ነገሩ ሁሉ በዚያው ያልቃል፤ እሷም በጊዜ የደረሰች እናት ትሆናለች። የልጇን እጅ አየችው። «ጠዋት» አለች።

«ጠዋትማ እንዴት አደረ ብሎሃል ነው ያልሽኝ።»

«እሱን አላለም።»

እሷ የፈራችው ጩኸት ነበር፣ ጩኸት ግን አልመጣም። ትንሹ ሊጡን በሽርጡ ጠርጎ ስልኳን ከእጇ ወሰደና ወደ ጥጉ ሄደ። ኔትወርኩ ተመልሷል። «እማ፣ ጣራ ላይ ነኝ አላልኩሽም?» ሲል ይሰማታል የትልቁ ድምፅ። «እኔ ነኝ» አለ ትንሹ። ዓመት ሙሉ ስትጸልይለት የኖረችው ነገር እየሆነ ነው፤ እሷ ግን ጆንያው ላይ ተቀምጣ የታጠፈውን ብረት ታያለች። ተነጋገሩ። ስለ ሳጥኑ ተነጋገሩ፣ ስለ ታሰረው የክዳን ቁልፍ ተነጋገሩ። አንድ ጊዜ ትንሹ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሰላም በዪልኝስ ብለህ ነበር?» ሲል ሰማችው፤ ትንሽ ቆይቶ «ያኛውንስ?» አለ። ከዚያ በኋላ መስማት አልፈለገችም።

ትልቁ በላብ ተጠምቆ መጣ። ባለቤቱ «ሥራ ልታስፈታኝ ነው እንዴ» እያለ ከኋላው ይከተላል፤ ትልቁ ዞሮም አላየው። የታጠፈውን ብረት አየ፣ የወንድሙን እጅ አየ፣ ግንባሩን በእጁ ያዘ። «ሽቦውን ትናንት አይቼዋለሁ» አለ፣ ለማን እንደሚናገር ሳይለይ። «ሽቦውን አይቼ ነው ትቼው የሄድኩት።» ብሬከሩን አወረደ። ትንሹ ሳጥኑን ሊከፍት እጁን ሲዘረጋ ትልቁ አንጓውን ያዘው። «ቆይ። ቢጠፋም ውስጡ የተጠራቀመው ቶሎ አይሞትም። ያቺ ቀይ መብራት እስክትጠፋ እንጠብቅ።» ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው ቀይዋን መብራት ጠበቁ። ትልቁ የያዘውን አንጓ ለመልቀቅ አልቸኮለም።

አመሻሹ ላይ ሦስቱም አንድ ሳህን ከበው ተቀመጡ፤ እሁድም አይደለም። ድራይቩ በራሱ እንዳይነሳ ተደርጓል፣ የክዳኑ ቁልፍ ሽቦ ተፈቷል፣ ባለቤቱም እያጉረመረመ ቀርቷል። «ጨው አቀብለኝ» አለ ትልቁ። ትንሹ አነሳና ሰጠው። የትንሹ እጅ በእናቱ ፊት አለፈ፤ አምስቱም ጣት፣ ዱቄት በጥፍሩ ሥር የቀረበት፣ ሙሉ እጅ። ዛሬ ፍቅፋቂ የለም። እሷን የሚያያት የለም፤ ያነሳችውን ጉርሻ መልሳ አስቀመጠች።

«ፈርቼ ነበር» አለች በመጨረሻ። «የማንንም መልእክት አይደለም የምነግራችሁ፤ የራሴን ነው። እንዳትጣሉብኝ ፈርቼ ነው።»

ትልቁ ዳቦውን አስቀመጠ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻላት ነበር። «እማ» አለ፣ «እሱ ብሎሃል እያልሽ ስትነግሪኝ ከኖርሽው ውስጥ እሱ ያላለው የትኛው ነው?»

እናትየዋ አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች። ሁለቱም መልሷን ይጠብቃሉ።

«ጥሩ ጥሩው ሁሉ» አለች።

ከግድግዳው ማዶ የጎረቤት ሬዲዮ ያወራል። ትንሹ እግሩን ወንበሩ ሥር ሰበሰበ፤ ካልሲው ዛሬም እግሩ ላይ ነው። ትልቁ እጁን ወደ ሳህኑ ሲዘረጋ ትንሹና እናቱም ዘረጉ። በዚያች ቅጽበት መብራት ጠፋ፣ የጎረቤቱም ሬዲዮ ዝም አለ። ሦስቱም እጃቸውን ከሳህኑ መነጨቁ። በጨለማው ውስጥ ተቀምጠው ጠበቁ፤ ቀድሞ እጁን ወደ ሳህኑ የመለሰ አልነበረም።